ከአሮጌ ኮምፒዩተር የወጣ ዜማ
(በእጅ የተሠራ አንድ የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ መሣሪያ አመጣጥ)



የሙዚቃ መሣሪያ ሁሉ ለመወለድ ሁለት ነገሮችን ይፈልጋል። አንደኛው የሚያውቅ ጆሮ፤ ሁለተኛው የሚሠራ እጅ ነው። በእኛ በጎጃም ደጋ ይህን ለማስረዳት ብዙ መድከም አያስፈልግም። መሰንቆ ሠሪው እንጨት ይጠርባል፤ በሣጥኑ ላይ ቆዳ ይወጥራል፤ ከፈረስ ጭራ አንድ አውታር ያበጅለታል፤ ደጋኑንም በዚያው በፈረስ ጭራ ይወጥረዋል። በገና የሚደረድረውም ሰው ዐሥሩን አውታሮች ሲያስተካክል በእያንዳንዱ አውታር ሥር እንዚራ የምትባል ቁራጭ ቆዳ ያገባል፤ የበገናው ድምፅ እንደ ንብ መንጋ የሚያስተጋባው በዚችው ትንሽ ቁራጭ ምክንያት ነው። እነዚህ ጠቢባን መሣሪያቸውን የሠሩት ከሩቅ አገር ባስመጡት ዕቃ ሳይሆን በአካባቢያቸው በሚገኘው ነገር ነው።

ዛሬ ታሪኩን የምጽፍለት መሣሪያ በመጀመሪያ ሲታይ ከእነዚህ እጅግ የራቀ ይመስላል። ይኸውም ሲንተሳይዘር የሚባለው፤ በኤሌክትሪክ ኀይል ድምፅ እየፈጠረ የሚያዜም መሣሪያ ሲሆን፤ ልቡ ከአሮጌ ኮምፒዩተር የተነቀለ አንድ የድምፅ ቺፕ ነው። ሠሪዎቹም አብዛኛውን ጊዜ ታላላቅ ፋብሪካዎች ሳይሆኑ በየቤታቸው ጠረጴዛ ላይ መበየጃ ይዘው የሚደክሙ ሰዎች ናቸው። ነገር ግን አመጣጡን ከሥሩ ብንመረምር ሥራው ከመሰንቆ ሠሪው ሥራ ጋር ወንድማማች ሆኖ እናገኘዋለን። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ይህንኑ ማስረዳት ነው። በጽሑፉ ውስጥ የሚገኙት ዓመቶች «ዓ.ም.» ካልተባለባቸው በቀር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ኤሌክትሪክ ለዜማ እንደ ዋለ

ኤሌክትሪክን ለሙዚቃ አገልግሎት ለማዋል የተደረገው ሙከራ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። በ1920 ሌቭ ቴርሜን የተባለ የሩስያ የፊዚክስ ሊቅ የሰው እጅ ሳይነካው የሚያዜም መሣሪያ ፈለሰፈ። ተጫዋቹ እጁን ወደ መሣሪያው አንቴና ሲያቀርብና ሲያርቅ ድምፁ ይቀጥናል፤ ወይም ይወፍራል። መሣሪያውም በፈልሳፊው ስም ቴርሚን ተባለ።

በ1944 ደግሞ በካይሮ ከተማ ሐሊም ኤል ዳብ የተባለ ወጣት ግብፃዊ፤ በቀጭን የብረት ሽቦ ላይ ድምፅ የሚቀርጽ መኪና ተውሶ በዛር ሥነ ሥርዓት ላይ የሚሰማውን ዜማ ቀረጸ። ዛር በእኛም አገር የታወቀ ነገር ነው። ወጣቱ የቀረጸውን ድምፅ ወደ ስቱዲዮ ወስዶ ጠባዩን እየለወጠ፤ የገደል ማሚቶውን እየጨመረና እየቀነሰ፤ አዲስ የሙዚቃ ድርሰት አደረገው። ይህም ሥራ በዓለም ላይ ከመጀመሪያዎቹ የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ድርሰቶች መካከል ይቈጠራል።

ይህ ሰው ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም። በኒው ዮርክ የኮሎምቢያና የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲዎች በጋራ ባቋቋሙት የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ማዕከል ከሠራ በኋላ፤ ከ1962 እስከ 1964 ድረስ በአዲስ አበባ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የሙዚቃ መምህር ሆኖ አገልግሏል። በ1963ም ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን መሠረተ። እዚህ ላይ ልብ ማለት ያስፈልጋል። በኒው ዮርክ አንድ ክፍል የሚሞላ ሲንተሳይዘር የተመለከተ ሊቅ፤ ወደ አገራችን መጥቶ የፈለገው ክራሩን፣ መሰንቆውን፣ በገናውንና ዋሽንቱን ነበር። በየራሳቸው ይጫወቱ የነበሩትንም ባለሙያዎች በአንድ መድረክ ላይ ሰበሰባቸው። ስለዚህ የአባቶች መሣሪያና የኤሌክትሪክ መሣሪያ ጠላቶች አለመሆናቸውን ከእርሱ ሕይወት እንማራለን።

በዚያው ዘመን በአሜሪካ ሮበርት ሙግ የሚባል ሰው ነበረ። ሙግ ገና በ14 ዓመት ዕድሜው በገዛ እጁ ቴርሚን ሠርቷል፤ በ1954ም ከአባቱ ጋር ሆኖ ሰዎች በቤታቸው ሊገጣጥሙት የሚችሉትን የቴርሚን ክፍሎች መሸጥ ጀመረ። በ1964 ኸርበርት ዶይች ከተባለ የሙዚቃ ደራሲ ጋር ተባብሮ፤ ክፍል የሚሞላው መሣሪያ በጠረጴዛ ላይ እንዲቀመጥ የሚያደርግ አዲስ ሲንተሳይዘር አቀረበ። እንግዲህ ስሙ በዓለም የተጠራው ይህ ጠቢብ የጀመረው በትልቅ ፋብሪካ ሳይሆን በአባቱ ቤት መሆኑን እናስተውል።

ሲንተሳይዘር በኢትዮጵያዊ እጅ

የሲንተሳይዘርን ድምፅ ከአገራችን ዜማ ጋር ካዋሐዱት ባለሙያዎች አንዱ ኃይሉ መርጊያ ነው። ኃይሉ በ1946 በደብረ ብርሃን ተወለደ፤ በልጅነቱም ወደ አዲስ አበባ ሄደ። አኮርዲዮን መጫወትን ራሱን በራሱ አስተማረ። ከዚያም በዋልያስ ባንድ ውስጥ ኪቦርድ እየተጫወተ በአዲስ አበባ ሒልተን ሆቴል ለብዙ ዓመታት አገለገለ። በ1981 ከባንዱ ጋር ወደ አሜሪካ ተጕዞ በዚያው በዋሽንግተን ከተማ ኑሮውን መሠረተ።

በ1985 ኃይሉ ከባንድ ተለይቶ ብቻውን አንድ ካሴት አሳተመ። በዚህ ካሴት ላይ የልጅነቱን አኮርዲዮን፣ ሙግ የተባለውን ሲንተሳይዘር፣ ሮድስ የተባለውን የኤሌክትሪክ ፒያኖና የጃፓኑን ያማሃ ዲኤክስ ሰባት በአንድነት ተጫወተ፤ ከበሮውንም መኪና እንዲመታለት አደረገ። ዜማዎቹ ግን የአገር ቤት ዜማዎች ነበሩ። ካሴቱ በ2013 እንደገና ታትሞ በብዙ አገር ተሰማ። በመካከሉ ባለፉት ዓመታት ኃይሉ በታክሲ ሹፌርነት ሲተዳደር፤ ትንሽ ኪቦርድ በመኪናው ውስጥ ይዞ ተሳፋሪ በሌለበት ሰዓት ይለማመድ ነበር። ሙያውን የሚወድ ሰው ሰዓት አጣሁ ብሎ እንደማይተወው ከዚህ የበለጠ ምስክር አያሻም።

ይሁን እንጂ በዚያ ዘመን እንዲህ ያለው መሣሪያ ዋጋው ለድኻ የሚቀመስ አልነበረም። ዲኤክስ ሰባት በ1983 ሲወጣ በአሜሪካ ወደ 2,000 ዶላር ይሸጥ ነበር። ሲንተሳይዘር ወደ ተራው ሰው ቤት የገባው በሌላ በር ነው። ያም በር የልጆች መጫወቻ ተብሎ በተናቀው ኮምፒዩተር በኩል የተከፈተው ነው።

የድምፁ ቺፕ እንደ ተወለደ

በ1981 በአሜሪካ በፔንሲልቫኒያ ግዛት ሞስ ቴክኖሎጂ በሚባል ድርጅት ውስጥ ሮበርት ያኔስ የተባለ ወጣት መሐንዲስ ይሠራ ነበር። ድርጅቱ ኮሞዶር ለተባለው ኩባንያ ቺፕ የሚያመርት ነው። ቺፕ ማለት ከጣት ጥፍር በማይበልጥ የሲሊኮን ቁራጭ ላይ በሺሕ የሚቈጠሩ ጥቃቅን የኤሌክትሪክ በሮች የተቀረጹበት ዕቃ ነው። ኩባንያው ለአዲሱ የቤት ኮምፒዩተሩ ድምፅ የሚያሰማ ቺፕ አዘዘ።

በዚያን ጊዜ የነበሩት የኮምፒዩተር ድምፆች ከፉጨትና ከጩኸት ብዙም አያልፉም ነበር። ያኔስ ግን ሙዚቃን የሚወድና የሲንተሳይዘርን አሠራር የሚያውቅ ሰው በመሆኑ፤ እነዚያን ቺፖች የሠሩት ሰዎች ሙዚቃ አያውቁም ብሎ ያምን ነበር። ስለዚህ የታዘዘው የኮምፒዩተር ድምፅ ቢሆንም እርሱ በውስጡ እውነተኛ ሲንተሳይዘር ለማኖር ቈረጠ። በልቡ ያሰበው 32 ድምፆች በአንድ ጊዜ የሚያሰማ ቺፕ ነበር። የተሰጠው ጊዜ ግን አጭር ስለ ነበረ፤ ከጥቂት ረዳቶች ጋር በአምስት ወር ያህል ሠርቶ ሦስት ድምፆች ያሉትን ቺፕ አስረከበ። ቺፑም ሲድ ተባለ፤ ቍጥሩም 6581 ነው።

ኮሞዶር 64 የተባለው ኮምፒዩተር ይህን ቺፕ ይዞ በነሐሴ 1982 በ595 ዶላር ለገበያ ቀረበ፤ ዋጋውም ብዙ ሳይቈይ በጣም ወረደ። በዓለም ላይ ከ12 ሚሊዮን የሚበልጥ እንደ ተሸጠ ይገመታል። በዚህ ምክንያት ቀድሞ በትልልቅ ስቱዲዮዎች ብቻ ይገኝ የነበረ መሣሪያ፤ ስሙን እንኳ በማያውቁ በብዙ ሚሊዮን ልጆች ቤት ገብቶ ተቀመጠ።

ቺፑ እንዴት ያዜማል?

አሠራሩን በእኛ ቁና እንመስለው። 16,777,216 ፍሬ የሚይዝ አንድ ቁና አለ እንበል። በየሰከንዱ አንድ ሚሊዮን ጊዜ በጣሳ እህል ይጨመርበታል። በሞላ ቍጥር ይገለበጣል፤ የተረፈውን ይዞ መሙላቱንም ይቀጥላል። ጣሳው 7,382 ፍሬ የሚይዝ ቢሆን ቁናው በሰከንድ 440 ጊዜ ይሞላል። በሰከንድ 440 ጊዜ የሚርገበገብ ድምፅ ደግሞ የዓለም ሙዚቀኞች መሣሪያቸውን የሚያስተካክሉበት ድምፅ ነው። ጣሳውን በእጥፍ ብናሳድገው ድምፁ በአንድ ስምንተኛ ከፍ ይላል። በሲድ ቺፕ ውስጥ ጣሳው ቍጥር ነው፤ ዜማ ማለትም በየጊዜው የሚለዋወጥ ቍጥር ማለት ነው።

የአሞላሉ ሁናቴ የድምፁን ቅርጽ ይወስናል። ቀስ ብሎ ሞልቶ በድንገት የሚፈስ ከሆነ ሞገዱ የመጋዝ ጥርስ ይመስላል። ይህም ለእኛ እንግዳ አይደለም። የመሰንቆ ደጋን አውታሩን ይዞ ጥቂት ይጐትተዋል፤ አውታሩም በድንገት ያመልጠዋል፤ እንደገና ይይዘዋል። ይህ መያዝና ማምለጥ በሰከንድ ብዙ መቶ ጊዜ ሲደጋገም የሚፈጥረው ሞገድ የመጋዝ ጥርስ ቅርጽ አለው። ቺፑ ከዚህ ሌላ የሦስት ማዕዘን፣ የአራት ማዕዘንና በቆርቆሮ ጣራ ላይ እንደሚወርድ ዝናብ ያለ የሁካታ ድምፅ አለው።

ከዚህም በቀር ድምፁ እንዴት ተነሥቶ እንዴት እንደሚጠፋ ማዘዝ ይቻላል። ክራር ሲመታ ድምፁ ወዲያው ይነሣል፤ ወዲያውም ይደክማል። ዋሽንት ግን በዝግታ ተነሥቶ ትንፋሽ እስካለ ድረስ ይቈያል። ሲድ ሁለቱንም ጠባዮች በቍጥር ይቀበላል። በመጨረሻም እንደ ወንፊት ቀጭኑን ወይም ወፍራሙን ድምፅ የሚያጠልል ክፍል አለው። ይህ ማጥለያ በእያንዳንዱ ቺፕ ላይ ጥቂት ስለሚለያይ፤ ሁለት ክራሮች ፈጽሞ አንድ እንደማይሆኑ ሁሉ ሁለት ሲድ ቺፖችም አንድ ዓይነት አያዜሙም።

ለእኛ ደግሞ አንድ ልዩ ጥቅም አለው። የአገራችን ዜማ በትዝታ፣ በባቲ፣ በአምባሰልና በአንቺ ሆዬ ቅኝት የሚሄድ ሲሆን፤ ክራር መቺውና መሰንቆ ተጫዋቹ በጆሮአቸው የሚያስተካክሉት ድምፅ ሁልጊዜ በፒያኖ ቍልፎች ላይ አይገኝም። የሲድ የቍጥር እርምጃ ግን ከሰከንድ ርግብግቢት አንድ ዐሥረኛ እንኳ የማይሞላ ስለ ሆነ፤ አንድ የክራር መምህር በጆሮው የወሰነውን ቅኝት በቍጥር ጽፎ ማስቀመጥ ይቻላል።

ጕድለቱ ድምፅ እንደ ሆነ

ሦስት ድምፅ ብቻ ያለው ቺፕ ለሙዚቃ ደራሲዎች ጠባብ ቤት ነበር። ነገር ግን ሮብ ኸባርድና ማርቲን ጎልዌይን የመሰሉ የእንግሊዝ አገር ወጣቶች በዚህ ጠባብ ቤት ውስጥ ብዙ ሰው አስተናገዱ። በአንዱ ድምፅ ሦስት ኖታዎችን እጅግ በፈጠነ ሁኔታ ሲያፈራርቁት ጆሮ በአንድነት እንደ ተመቱ ይሰማዋል። በዚህ ዘዴ ሁለቱ ድምፆች ለሌላ ሥራ ነጻ ይወጣሉ።

ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን የጕድለቱ ነገር ነው። በመጀመሪያው ቺፕ ላይ የድምፅ ማጉያው ቍጥር ሲለወጥ ጠቅ የሚል ድምፅ ያወጣ ነበር። ይህ የአሠራር ስሕተት ነው። ፕሮግራም ጸሐፊዎቹ ግን ይህን ቍጥር በሰከንድ ብዙ ሺሕ ጊዜ ቢለውጡት ከጠቅታው የተቀረጸ የሰው ድምፅና የከበሮ ምት ማውጣት እንደሚቻል ደረሱበት። ስሕተቱ አራተኛ ድምፅ ሆነ። ኩባንያው ከጥቂት ዓመታት በኋላ 8580 የተባለውን የተሻሻለ ቺፕ ሲያወጣ ጕድለቱ ስለ ተስተካከለ፤ በዚያ ዘዴ የተሠሩት የከበሮ ድምፆች ደክመው ተሰሙ።

ከተጣለ በኋላ

ኮሞዶር ኩባንያ በ1994 ከሰረ። ኮምፒዩተሮቹም ያረጁ ተብለው ወደ ጓዳና ወደ ቆሻሻ መጣያ ገቡ። እዚህ ላይ የታሪካችን ዋናው ክፍል ይጀምራል።

አንዳንድ ሰዎች ኮምፒዩተሩ ቢያረጅም በውስጡ ያለው የሙዚቃ መሣሪያ እንዳላረጀ አስተዋሉ። በ1990ዎቹ መጨረሻ ኤሌክትሮን የተባለ አነስተኛ የስዊድን ድርጅት፤ ከአሮጌ ክምችት የተገኙ ሲድ ቺፖችን በአዲስ ሣጥን ውስጥ አግብቶ ሲድስቴሽን የተባለ ሲንተሳይዘር ሠራ። ቺፑ መመረቱ ስለ ቀረ ሊሠራ የሚችለው የተገኘው ቺፕ እስኪያልቅ ድረስ ብቻ ነበር።

ቶርስተን ክሎዜ የተባለ ጀርመናዊ ደግሞ ሚዲቦክስ ሲድ የተባለውን ፕላን አወጣ። ይህም ሲድ ቺፑን ከአንዲት ትንሽ ማዘዣ ቺፕ ጋር አገናኝቶ፤ ከ1983 ጀምሮ የሙዚቃ መሣሪያዎች ሁሉ በሚነጋገሩበት ሚዲ በተባለው ቋንቋ እንዲታዘዝ የሚያደርግ ነው። ሥዕሉንና ፕሮግራሙን ሸጦ ከመክበር ይልቅ ማንም ሰው ለራሱ እንዲሠራበት በይፋ አቀረበው። በብዙ አገር ያሉ ሰዎችም ቺፑን ከአሮጌው ኮምፒዩተር እየነቀሉ፤ ሽቦውን እየበየዱ፤ ሣጥኑን ከእንጨትም ከቆርቆሮም እያበጁ፤ ያቃተው ያወቀውን እየጠየቀ ሠሩ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለው የአባቶች ተረት በዚህ ሥራ ላይ ተፈጸመ። ዛሬ እውነተኛው ቺፕ እየጠፋ በመሄዱ ጠባዩን የሚመስሉ አዳዲስ ተተኪዎችን የሚሠሩ አሉ፤ ለቺፑ ከተደረሱትም ዜማዎች ከ50,000 በላይ ተሰብስበው ተጠብቀዋል።

ታሪኩ ለእኛ ምን ያስተምረናል?

አንዳንድ ሰው ይህን አንብቦ፤ እኛ ከጉንደ ወይን ሆነን ከፔንሲልቫኒያ ቺፕ ጋር ምን ያገናኘናል? ይል ይሆናል። የሚያገናኘን ቺፑ ሳይሆን የእጅ ሥራ ነገር ነው።

በአገራችን እጅ ሥራ የሚሠራ ሰው ለብዙ ዘመን ሲናቅ ኖሯል። ብረት የሚቀጠቅጠው፣ ሸማ የሚሠራው፣ ሸክላ የምትሠራው፣ ቆዳ የሚያለፋውና አዝማሪው ሳይቀር በሙያው ይሰደብ ነበር። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው ምክንያት መስደብን በዐዋጅ ከልክለዋል። ዐዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ አልፎታል፤ ንቀቱ ግን ከአንዳንዱ ሰው ልብ ገና ፈጽሞ አልወጣም። ንቀቱ የጐዳው ተሰዳቢውን ብቻ አይደለም፤ ጥበቡን ከአባቱ ለመቀበል ያፈረውን ልጅና ያለ ጥበብ የቀረችውን አገር ጭምር እንጂ። በሌላው አገር በአባቱ ቤት ቴርሚን የሠራ ልጅ ሲመሰገን፤ በእኛ አገር ሬዲዮ ፈትቶ የሚገጥም ልጅ ትምህርቱን እንደ ተወ ቦዘኔ ከታየ፤ ዘወትር ገዢዎች እንጂ ሠሪዎች ልንሆን አንችልም።

ሥራውን ለመጀመርም ሲድ ቺፕ የግድ አይደለም። 555 የምትባል፤ ከ1970ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ በዓለም ሁሉ የምትሠራ፤ ዋጋዋ እጅግ አነስተኛ የሆነች ቺፕ አለች። እርስዋን ከ9 ቮልት ባትሪ፣ ከጥቂት ሬዚስተርና ካፓሲተር እንዲሁም ከተበላሸ ሬዲዮ ከወጣ ትንሽ ድምፅ ማጉያ ጋር ያገናኘ ተማሪ ኤሌክትሪክ ሲዘፍን ይሰማል። በፊዚክስ ክፍል ስለ ርግብግቢት የተማረውንም በጆሮው ይመረምራል። የግድግዳው መብራት 220 ቮልት ስለ ሆነ ግን ለጀማሪ አይገባም፤ ባትሪ ይበቃል።

የአገራችንን መሣሪያ ከአዲሱ ጥበብ ጋር ማስታረቅም ሕልም አይደለም። ሙላቱ አስታጥቄ በ2007 እና በ2008 በአሜሪካ በሃርቫርድና በኤም አይ ቲ በነበረበት ጊዜ ክራርን ከዘመኑ ጋር ለማራመድ ከሊቃውንት ጋር ሠርቷል። ይህ የተጀመረ እንጂ ያለቀ ሥራ አይደለም። ክራሩን የሚያውቅ ጆሮ በብዛት የሚገኘው ደግሞ እዚሁ በእኛ መንደር ነው።

ስለዚህ ወላጆች፤ ልጃችሁ የተሰበረ ዕቃ ሲፈታ ብታገኙት ከመቈጣታችሁ በፊት ምን ሊሠራ እንደ ፈለገ ጠይቁት። መምህራን፤ ያረጀውን የቤተ ሙከራ ዕቃ ከመጣላችሁ በፊት ለተማሪ አሳዩት። ተማሪዎች ጓደኞቼ፤ መሰንቆ ሠሪው በመንደራችሁ ካለ ሂዱና ቆዳው እንዴት እንደሚወጠር ተማሩ፤ መበየጃም ካገኛችሁ ያዙት። ያኔስ በአምስት ወር ያበጃት ቺፕ ኩባንያዋ ከጠፋ ከሠላሳ ዓመት በኋላም የምታዜመው አንዳንድ ሰዎች አሮጌ ነው ብለው ስላልጣሏት ነው። እኛም የአባቶቻችንን የእጅ ጥበብ አሮጌ ነው ብለን እንዳንጥለው እንጠንቀቅ።

ሥራ ለሠሪው፤ እሾህ ላጣሪው።